ቤተኛ መንገደኛ፦ ከሰቆጣ ደጋ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሳሎን

ከሰቆጣ ተነሥቶ አውሮፕላን ላይ መውጣት የሚሻ ሰው አስቀድሞ መኪና ላይ መውጣት አለበት። ቅርብ ከሚባሉት የአውሮፕላን ማረፊያዎች አንዱ የላሊበላው ሲሆን መንገዱ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የጋዝጊብላን ደጋ ሲያያዙት ብርዱ በመስኮት ይገባል፤ ጠመዝማዛው ሲበዛ ሾፌሩም ወሬውን ያቆማል፤ ወደ ብልባላ ሲቃረቡ ደግሞ አቧራው ተራውን ይቀበላል። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ይነሣል፤ መኪናው ግን የሚነሣው ሲሞላ ነው። በመሆኑም አስተዋይ የሆነ የዋግ መንገደኛ አንድ ቀን ቀድሞ ይወጣና ላሊበላ ያድራል። ትኬቱ ላይ የአንድ ሰዓት በረራ ተብሎ የተጻፈው ጉዞ ለእርሱ የሁለት ቀን ጉዞ ነው።

ባለፈው ዓመት ከመድረሳ ተማሪዎቻችን አንዱ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ ጠየቀን። «ዑስታዝ፣ እህቴ ወደ ጂዳ ለሥራ ልትሄድ ነው። ቦሌ ላይ ሰባት ሰዓት ትጠብቃለች አሉን። እዚያ ሶፋና ምግብ ያለበት ሳሎን አለ ይባላል። እሷ መግባት አትችልም?»

ጥያቄው የልጅ ቢመስልም መልሱ የልጅ አይደለም። ‹ላውንጅ› ስለሚባለው ስለዚህ ሳሎን የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት ለሚገባበት ሰው ነው። እኛ ደግሞ በር ላይ ለሚቀረውም ጭምር ለመጻፍ ወደድን። ለዚህም ከአየሩ በፊት ከምድሩ እንጀምር፤ ምክንያቱም የዋግ ምድር የመንገደኛን ማረፊያ ጉዳይ ከአውሮፕላን በፊት ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰሜን ኢትዮጵያ ዋና ዋና የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ የትግራይን ደጋ አቋርጦ እዚህ ይገባል፤ ከዚህ ደግሞ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ወደ ጎንደር ይበተናል። አሞሌ ለወጥ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። የዚህ ገንዘብ ልዩ ጠባይ ደግሞ ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው መጨመሩ ነው። አፋር ሜዳ ላይ ብዙ አሞሌ የሚጠይቀው ዕቃ ጎንደር ሲደርስ በጥቂቱ ይገዛል። አንባቢ ሆይ፣ ርቀት ዋጋ ይሆናል የሚለውን ይህን ነገር ያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በሰሜኑ ደጋ የሩቅ ንግድ ከፍ ያለ ድርሻ የነበራቸው ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። አንድ የሲራራ ነጋዴ ሳምንታት በሚፈጅ መንገድ ሲጓዝ በየማደሪያው የሚያውቀው ቤት ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ሲመጣ ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ይላል፤ ቤቶቹም «ቤት ለእንግዳ» ብለው ያስገቡታል። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ስሙ ይታወቃል። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እንግዳ መባሉ ይቀርና ቤተኛ ይባላል። ቤተኛ ከየት መጣህ አይባልም። ለውዱእ ውሃው በጆግ ይቀርብለታል፤ ሰሌኑ ከግድግዳ ላይ ይወርድለታል፤ ቤቱ ሞልቶ ቢሆን እንኳ የሚያድርበት ጥግ አይጠፋም። እጁ ላይ ገንዘብ ባይኖር «ስትመለስ ትሰጣለህ» ይባላል። እርሱም በበኩሉ ወሬ ያመጣል፤ ለልጆቹ ጨው ያስልሳል፤ ባለቤቱ ሲታመም ይጠይቃል፤ ሲሞት ይቀብራል።

የዋግ ሕዝብ አብዛኛው ክርስቲያን እንደ መሆኑ ብዙዎቹ አሳዳሪ ቤቶችም የክርስቲያን ነበሩ። ሙስሊም ቤተኛ ያለው ክርስቲያን ፍየል ማረድ ሲያምረው አራጅ ሙስሊም ጎረቤት ያስጠራል። ይህን በታሪክ የሰማነው ብቻ አይደለም፤ እኛም ለሥራ ወደ ገጠር በወጣንበት ጊዜ ደርሶብን ያየነው ነው። ባለቤቱ ቢላዋውን ይዞ ጎረቤቱን ሊጠራ ገደል ሲወርድ «ይቅርብን» ብንለው አልሰማንም።

ማዕረግ ከተነሣ ዘንድ የዋግ ሹሞችን ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። የዛጉዌ ዘር የሚባሉት እነዚህ ገዥዎች ሰቆጣን መቀመጫቸው አድርገው ኖረዋል፤ ከመካከላቸውም ዋግ ሹም ጎበዜ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። በትውፊት እንደሚነገረው ሌላው መኳንንት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆሞ ሲያድር ለዋግ ሹም ግን በወንበር የመቀመጥና የብር ነጋሪት የማስመታት መብት ነበረው። ዛሬ በአውሮፕላን ማረፊያ ‹የብር› እና ‹የወርቅ› ካርድ ይዘው የሚቀመጡ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ሳይደነቁ አይቀሩም። ሌላው ቆሞ እያለ የመቀመጥ መብት በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

አውሮፕላን ራሱ ግን ለዋግ ሽማግሌዎች የመሳፈሪያ ነገር ሆኖ አልመጣም። ኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በመጋቢት መጨረሻ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ በሰቆጣ ገበያ የነበረው ነጋዴ አህያውን እየነዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የሰሜን ደጋ ገበሬ አውሮፕላንን በቅርብ ያየው በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ዘመን ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል ትላልቅ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች እህል ከአየር ይጥሉ ነበር። በዚያ ዘመን ልጅ የነበሩ ሰዎች ዛሬም አውሮፕላን ሲሰሙ ቀና ብለው የሚያዩበት ሁኔታ ከእኛ የተለየ ነው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ከዋግና ከላስታ የመጡ አያሌ ረሃብተኞች የተጠለሉባትን ኮረምን ለዓለም ያሳየው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነበር። መሐመድ የናይሮቢ ተወላጅ የሆነ ሙስሊም ሲሆን ሕይወቱን በአውሮፕላን ላይና በአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ያሳለፈ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ ክንዱን አጣ፤ ሥራውን ግን አልተወም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲጓዝ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሲሞቱ ከሟቾቹ አንዱ እርሱ ነበር። አዘውትሮ የሚጓዝ ሰው ሲባል እኛ ፊታችን ላይ የሚመጣው የእርሱ ዓይነት ሰው ነው። ዓለም የዋግን ረሃብተኛ ያወቀው እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ባለ መቀመጡ ነው።

አሁን ወደ ሳሎኑ እንግባ።

የመጀመሪያው የአውሮፕላን ማረፊያ ሳሎን ተከፈተ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ ውስጥ በላጋርዲያ ማረፊያ ነው። የከፈተው አሜሪካን ኤርላይንስ ሲሆን የሚገባውም የተጠራ ብቻ ነበር፤ ባለሥልጣን፣ ባለ ሀብት፣ ስመ ጥር ሰው። ኋላ ግን «እነዚህ በምን ተመርጠው ነው?» የሚል አቤቱታ ተነሣና በሩ ለሚከፍል ሁሉ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ይኸው አየር መንገድ የደንበኛውን ጉዞ በማይል እየቆጠረ የሚመዘግብበትን ዘዴ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉት። የአሞሌው ሕግ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው፤ በራቅህ ቁጥር ዋጋህ ይጨምራል።

በእኛ አገር ይህ ምዝገባ ሼባ ማይልስ ይባላል። አባል መሆን ገንዘብ አይጠይቅም። አባሉ ከሰማያዊ ደረጃ ይጀምርና እንደ ጉዞው ብዛት ወደ ብር፣ ወደ ወርቅና ከዚያም በላይ ይወጣል። የማይሉ ዓይነት ግን ሁለት መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። አንደኛው ተጠራቅሞ ትኬት የሚገዛበት ነው። ሁለተኛው ደረጃን ለመወሰን ብቻ የሚቆጠር ሲሆን ዓመቱ ሲሞላ እንደገና ከባዶ ይጀምራል። ርካሽ ትኬት የገዛ ሰው ደግሞ የበረረውን ያህል ማይል ላይቆጠርለት ይችላል። ስለዚህ «ይህን ያህል ጊዜ ሄጃለሁ፤ ለምን አልወጣሁም?» የሚል ሰው የትኬቱን ዓይነት መመልከት ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አላያንስ ወደተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ገብቷል። ከዚያ ወዲህ የወርቅ ደረጃ ያለው ሰው መብቱ በቦሌ አይወሰንም። በኅብረቱ አባል አየር መንገድ እስከ ተሳፈረ ድረስ፣ ትኬቱ የተራው ክፍል እንኳ ቢሆን፣ በየአገሩ ያሉት የኅብረቱ ሳሎኖች ይከፈቱለታል። በሻንጣም በኩል ተጨማሪ 20 ኪሎ ወይም አንድ ሻንጣ ይፈቀድለታል፤ ለቤተሰብ ዕቃ ለሚያመላልስ ሰው ከሶፋው ይልቅ ይህ ሳይጠቅመው አይቀርም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። አብሮት የሚጓዝ አንድ እንግዳ ይዞ መግባት ይችላል። አንድ።

ከዚህ ሌላ ያሉት መንገዶች የታወቁ ናቸው። የቢዝነስ ክፍል ትኬት የያዘ ሰው ይገባል፤ በብዙ ማረፊያዎች ደግሞ ለጥቂት ሰዓታት ተብሎ በር ላይ ይከፈላል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ፕራዮሪቲ ፓስ የሚባል ዓመታዊ ክፍያ ያለው አባልነትም አለ። በውጭ አገር የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ይህን ብዙውን ጊዜ ከባንክ ካርድ ጋር ያገኙታል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የካርዱ ዕዳ በጊዜው ካልተከፈለ ወለድ ይከተላል፤ ለሦስት ሰዓት ሶፋ ብሎ ወለድ ውስጥ መግባት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ደረጃዬ እንዳይወርድ ብለው ጉዳይ ሳይኖራቸው በዓመቱ መጨረሻ ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች እንዳሉም ሰምተናል። ኢስራፍ በአየር ላይም ኢስራፍ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ምን አለ ብሎ ለሚጠይቅ፦ ምቹ ወንበር፣ ትኩስ ምግብ፣ ንጹሕ መታጠቢያ፣ ጸጥታ። በቦሌው ክላውድ ናይን ሳሎን ደግሞ ረከቦት ተዘርግቶ ቡና ይፈላል። በአብዛኞቹ ሳሎኖች የሚያሰክር መጠጥም ስለሚቀርብ ከመደርደሪያው ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ ሥጋውንም ምን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ዝርዝር ሑክሙን ዑለማዎችን መጠየቅ ይሻላል። ለአንድ ሙሳፊር ትልቁ ጥቅም በእኛ አስተያየት ምግቡ አይደለም። ሳይሽቀዳደሙ ውዱእ ማድረግ መቻሉ ነው።

ቦሌ ራሱ ቀድሞ ከነበረው እጅግ ሰፍቷል። በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ ከዚያ በፊት ትከሻ ለትከሻ ይጋፋ የነበረውን መንገደኛ በእጅጉ አቃሎለታል። ቢሆንም ሌሊት ለሌሊት በሚነሡት በረራዎች ሰዓት ያየው ሰው ያውቀዋል። አንድ ዓይነት መጎናጸፊያ አድርገው፣ የወረቀት ማኅደራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ሻንጣ ተንተርሰው የተቀመጡ ወጣት ሴቶች አሉ። አብዛኞቹ የመጀመሪያ ጉዟቸው ነው። የኛ ተማሪ እህትም ከእነርሱ አንዷ ልትሆን ነው።

እስቲ እናስላው። ከላሊበላ አዲስ አበባ በአየር 335 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለትም ወደ 208 ማይል ነው። በየወሩ ደርሶ የሚመለስ የሰቆጣ ነጋዴ በርቀቱ ብቻ ቢቆጠርለት በዓመት 24 ጊዜ በርሮ 5,000 ማይል ገደማ ያገኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ግን አንዱ መሄጃ ብቻ ከ7,000 ማይል ይበልጣል። አንድ ጊዜ አሜሪካ የሄደ ሰው ዓመቱን ሙሉ የተመላለሰውን የዋግ ነጋዴ በአንድ ሌሊት ይበልጠዋል ማለት ነው። የተማሪያችን እህትስ? ጂዳ በቀጥታ መስመር 880 ማይል አይሞላም። እንደ ብዙዎቹ የሁለት ዓመት ውል ፈርማ ብትመለስ በሁለት ዓመት ውስጥ ያላት 1,750 ማይል ያህል ነው። የመጀመሪያው ዓመት ማይሏም ለደረጃ ሲባል ተሰርዟል። ከሁሉም ይልቅ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው በዚህ ሒሳብ መቼም ቤተኛ አይሆንም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ለሐጅ የሚወጣ ሽማግሌም እንዲሁ።

ይህ አየር መንገዱ የሠራው በደል ነው እያልን አይደለም። ነጋዴ ደጋግሞ የሚገዛውን ደንበኛ ቢያከብር ምን ይደንቃል? ልዩነቱ የማዕረጉ ምንጭ ላይ ነው። በጨው መንገድ ላይ ቤተኛ የሚያደርገው መተዋወቅ ነበር፤ እዚህ ግን መቁጠሪያ ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ ጉልበት የሚያመውን አያውቅም። በሃይማኖታችን መንገድ ላይ የቀረ መንገደኛ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ሆኖ ሲቆጠር ስንት ጊዜ ተጉዟል ተብሎ አይጠየቅም።

በ2011 ዓ.ም. ከሰቆጣና ከወልድያ የተሰባሰብን ጥቂት ሰዎች ለዑምራ ተጉዘን ነበር። ከመካከላችን ማርና ቅመም የሚነግድ፣ ዱባይና ቻይና የሚመላለስ አንድ የሰቆጣ ሰው ነበር። የወርቅ ካርድ አለው። በጉዞው ላይ በአንድ ማረፊያ ከአምስት ሰዓት በላይ መጠበቅ ግድ ሆነና ነጋዴው ወደ ሁለት እናቶች ቀረበ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ከሰቆጣ ከወጡ ጀምሮ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነው። የአንደኛዋ ጉልበት አብጧል።

«እማ፣ ተነሺ፤ ጥሩ ማረፊያ ልውሰድሽ።»

«እሷስ?»

«አንድ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀድልኝ፣ እማ።»

እናታችን ገርሟቸው አዩት። «እንግዳ ይቆጠራል እንዴ ልጄ?»

ነጋዴው በር ላይ ሄዶ ለመነ፤ ሁለተኛዋን በገንዘብም ጠየቀ። የበሩ ሠራተኛ በትሕትና ቦታው መሙላቱንና ደንቡም አንድ መሆኑን ነገረችው። እውነቷን ነው፤ ሥራዋ ነው። ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ጉልበታቸው ያበጠውን እናት ብቻቸውን ለማሳመን ሞከረ። «ሁለት ሆነን መጥተን አንዳችን ለስላሳ ላይ፣ አንዳችን ድንጋይ ላይ?» አሉና እግራቸውን በሻንጣው ላይ ዘረጉት። እርሱም ካርዱን ኪሱ ከትቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከሰቆጣ የመጣ ዳቦ ቆሎ ተፈታ። አጠገባችን ያሉ የማናውቃቸው ሰዎችም ዘገኑ።

ነጋዴው የኋላ ኋላ የሠራውን ግን ብዙ ሰው ስለማያውቀው እንንገራችሁ። ወደ አየር መንገዱ ጠረጴዛ ሄዶ ለእናትየዋ ተሽከርካሪ ወንበር ጠየቀ። ይህ አገልግሎት በአየር መንገዶች ዘንድ በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ካርድም ደረጃም አይጠይቅም። ትኬት ሲቆረጥ ወይም ከበረራው ሁለት ቀን አስቀድሞ ከተነገረ ሠራተኛ መድቦ ከመግቢያው እስከ አውሮፕላኑ በር ያደርሳል። ወላጆቹን ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚልክ ሰው ከሳሎኑ በፊት ይህን ቢያስብ ደግ ነው።

ለተማሪያችንም የሰጠነው መልስ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። እህትህ ሳሎን ላትገባ ትችላለች፤ ቢሆንም ሰባቱ ሰዓት ባዶውን አይለፍ አልነው። ለፍተሻ ስትገባ የውሃ ዕቃዋን ባዶ አድርጋ ትያዝ፤ ውስጥ ገብታ ትሙላው። ከመቶ ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ ስለማይፈቀድ ማሩንና ዘይቱን በትልቁ ሻንጣ ታድርገው፤ ቆሎና ዳቦ ግን በእጇ ይሁን። የሶላት ክፍሉን ጠይቃ ቀድማ ትወቀው። ፓስፖርቷንና የውሏን ግልባጭ ለማንም አትስጥ፤ ግልባጩ እናንተም ዘንድ ይቅር። በረራው ለረጅም ሰዓት ከዘገየ ምግብ ወይም ማደሪያ እንዳለ የአየር መንገዱን ጠረጴዛ ትጠይቅ፤ ዝም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያገኝ ያድራል። ቋንቋ ካስቸገራት እንደሷ ያለች አንዲት እህት ትፈልግና አብረው ይቀመጡ፤ አንዷ ስትተኛ አንዷ ዕቃ ትጠብቃለች። በስሟም ማይሉን ታስመዝግብ፤ ነፃ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እየሠራች ለምን ይቅርባት?

ስለ ሰቆጣ ስም መጓዝ አንድ ነገር ሳንል አንለፍ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ከዚያ ወዲህ የዚህች ከተማ ስም በየአገሩ የስብሰባ አዳራሽ ይጠራል። ስሟን የያዙ ወረቀቶች በሳሎኖቹ ሶፋ ላይ ተነብበው ይሆናል። ቃል ኪዳኑ የተገባላቸው ሕፃናት እናቶች ግን ዛሬም ጤና ጣቢያ ለመድረስ በእግራቸው የሚሄዱ ናቸው።

ያ የማር ነጋዴ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣ ሲደርስ ከቤተሰቡ ጋር እዚያው ነበር። ስልክ ተቋረጠ፤ ባንክ ተዘጋ፤ መንገድ ተዘጋ። ማሩን የሚቀበሉት የዱባይ ደንበኞች ሌላ ሰው ያዙ። ከዚያ በኋላም ገንዘቡን አሰባስቦ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ አውሮፕላን የሚባል አልተሳፈረም። ኢሜይሉን ሲከፍት የጠበቀው ደብዳቤ ስለ ታማኝነቱ የሚያመሰግንና ደረጃው ወደ መጀመሪያው መውረዱን የሚያስታውቅ ነበር። ይህን ሲነግረን እየሳቀ ነበር።

መንገዱ እንደተከፈተ ግን ሸቀጥ ሊያመጣ ወደ ወልድያ ወረደ። ድሮ ሲመላለስ የሚያርፍባት፣ በመንገዱ ዳር ያለች የአንዲት እናት ሻይ ቤት አለች። ደርሶ ሲያያት በሯ ተገንጥሏል፤ ወንበሮቹ የሉም፤ ሴትየዋ በሦስት ብርጭቆ ሻይ ትሸጣለች። ስሙን ጠርታ ተነሣች። እነዚያ ሁለት እናቶች ደኅና መሆናቸውን ጠየቀች፤ ለዑምራው ሲወርዱ እርሷ ቤት ነበር ያደሩት። ሰሌኑ አብሮ ተዘርፏል። ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ አራግፋ ጥግ ላይ ዘረጋችና «ስገድ፤ ውሃው እየመጣ ነው» አለችው።